ደም፣ እርቅና መዝገብ
በሰሜን ጎንደር ደጋ ዐቃቤ ሕግ መሆን

ደባርቅ ላይ የጠዋቱ ብርድ አጥንት ሰርስሮ ይገባል። በፍርድ ቤቱ ግቢ ፀሐይ ቀድሞ በሚያገኘው ግድግዳ ሥር ጋቢ የተከናነቡ ሰዎች ተደርድረው ይሞቃሉ። ከፊሎቹ ከጃናሞራ ማታ ገብተው ያደሩ ናቸው፤ ከፊሎቹ ከበየዳ ቀበሌዎች ብዙ ሰዓት በእግር ተጉዘው የመኪና መንገድ ያገኙ። ለምን እንደመጡ የጠየቃቸው ሰው የሚያገኘው መልስ «ለቀጠሮ» የሚል ብቻ ነው። በማን መዝገብ፣ በማን ላይ እንደሚመሰክሩ ግቢው ውስጥ አያወሩም። ከእነሱ ጥቂት ክንድ ራቅ ብለው የተከሳሹ ወንድሞችና አጎቶች ለዚያው ቀጠሮ መጥተው ተቀምጠዋል። ችሎቱ ሲያበቃ ሁለቱም ወገን በአንድ መኪና ተሳፍሮ ወደ አንድ ቀበሌ ይመለሳል።

ማህደር ታቅፎ ወደ ችሎት የሚያልፈው ዐቃቤ ሕግ ዓይኑን ወደዚያ ግድግዳ ይወረውራል። ከተጠሩት ምስክሮች ስንቱ መጡ? የሟች ሚስት ብቻዋን ናት ወይስ ሰው አጅቧታል? ትናንት በስልክ «እመጣለሁ» ያለው ጎረቤት የታለ? በዚህ ሥራ ዓመታት የቆዩ ሰዎች የሚስማሙበት አንድ ነገር አለ፤ የግድያ ክስ አብዛኛውን ጊዜ የሚወድቀው ዳኛው ፊት ከመቅረቡ በፊት፣ ምስክሩ ቤት ነው።

ዐቃቤ ሕግ ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን ጥቁር ካባ ለብሶ «ጥፋተኛ ይባልልኝ» የሚል ሰው ነው። ዘመዱ የታሰረበት ቤተሰብ የእስሩ ባለቤት አድርጎ ያየዋል። የተገደለበት ደግሞ የራሱ ጠበቃ ይመስለዋል። በአማራ ክልል ፍትሕ ቢሮ ሥር በወረዳ ጽሕፈት ቤት ወይም በዞን መምሪያ የተመደበ ዐቃቤ ሕግ ግን የፖሊስን ምርመራ ይመራል፣ መክሰስ አለመክሰሱን ይወስናል፣ ክሱን በማስረጃ ያስረዳል፣ ውሳኔው ትክክል ካልመሰለው ይግባኝ ይላል። ከእነዚህ ውስጥ እንቅልፍ የሚነሳው ሁለተኛው ነው።

ደሙ የማን ነው?

ጎንደር ለዚህ ጥያቄ እንግዳ አይደለችም። ፋሲለደስ መናገሻቸውን እዚህ ካደረጉ በኋላ ከተማዋ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የአገሪቱ የፍርድ አደባባይ ነበረች። በንጉሡ ችሎት ወንበር የሚይዙ ሊቃውንት ፍትሐ ነገሥትን እየጠቀሱ ይፈርዱ ነበር። በ1762 ዓ.ም. ከተማዋ የገባው ስኮትላንዳዊ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በቤተ መንግሥቱ አካባቢ ስላያቸው የሞት ቅጣቶች በሰፊው ጽፏል። በዚያ ሥርዓት ውስጥ ግን በመንግሥት ስም የሚከስ ሰው አልነበረም። ሰው ሲሞት ከሳሹ ባለደሙ ነው፤ ማለትም የሟች አባት፣ ልጅ ወይም ወንድም። ዋስ የሚጠራውም፣ ምስክር የሚቆጥረውም፣ ሙግቱን የሚገጥመውም እሱ ነው። ገዳይ ከተፈረደበት በኋላም የደም ካሳ ተቀብሎ መታረቅ ወይም ደሙን መመለስ በባለደሙ እጅ ነበር።

ይህ በአንድ ጀምበር አልተለወጠም። በ1923 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ወጣ። ጣልያን ከተባረረ ብዙም ሳይቆይ በዐዋጅ የመንግሥት ዐቃቤ ሕግ ተቋቋመ። በ1949 ዓ.ም. ስዊዘርላንዳዊው ዣን ግራቨን ያረቀቁት የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ወጣ፤ በ1954 ዓ.ም. ደግሞ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ። በሁለተኛው ላይ እንግሊዛዊው ሰር ቻርልስ ማቲው እጃቸውን ስላስገቡ የአውሮፓ ወንጀል ሕግና የእንግሊዝ ችሎት ባህል በአንድ ፍርድ ቤት ተገናኙ። ዛሬ ደባርቅ ላይ ዋና ጥያቄ፣ መስቀለኛ ጥያቄና ድጋሚ ጥያቄ እየተባለ ምስክር የሚሰማው በዚያ መንገድ ነው። የወንጀል ሕጉ ተሻሽሎ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል። ሥነ ሥርዓቱ ግን ከስድሳ ዓመት በኋላም የዐቃቤ ሕጉ የየዕለት መሣሪያ ሆኖ ቆይቷል።

በሕግ ደሙ የመንግሥት ሆኗል። በጃናሞራና በጠለምት ጎጦች ዛሬም የባለደሙ ነው። የዐቃቤ ሕጉ ችግር ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

> በሕግ ደሙ የመንግሥት ሆኗል። በጎጡ ዛሬም የባለደሙ ነው።

15 ቀን

የምርመራ መዝገቡ በአብዛኛው በእጅ የተጻፈ ነው፤ የምስክር ቃል፣ የተጠርጣሪ ቃል፣ ተገኝቶ ከሆነ የሐኪም ማስረጃ፣ የተያዘ ኤግዚቢት ካለ ዝርዝሩ። መዝገቡ እጁ ከገባ በኋላ ዐቃቤ ሕጉ ክስ የሚያዘጋጅበት 15 ቀን አለው። ከሳሽነቱ የሚጀምረው ከንባብ ነው። እያንዳንዱ ወንጀል ሕጋዊ፣ ግዙፋዊና ሞራላዊ ፍሬ ነገር እንዲሟላለት ሕጉ ያዛልና፣ አንዱ የጎደለ እንደሆነ ክሱ አይቆምም።

ንባቡ ራሱ የአገሩን አነጋገር ማወቅ ይጠይቃል። የደጋው ገበሬ ቀን በቁጥር አይናገርም። «የኅዳር ሚካኤል ማግስት፣ ከብት ሲገባ» ይላል። ዐቃቤ ሕጉ ኅዳር 13፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ገደማ ብሎ ይጽፋል፤ ከዚያም ሌላው ምስክር ያንኑ ቀን በምን በዓል እንደቆጠረው ያመሳክራል። ጨረቃ ነበረች? ምስክሩ ከአጥሩ በየትኛው በኩል ቆሞ ነበር? ተኳሹን በፊቱ ነው ያወቀው ወይስ በድምፁ? በመዝገቡ ላይ ይህ ካልተጻፈ «ይሟላ» ብሎ ለመርማሪው ይመልሳል። መርማሪው ደግሞ ሬሳ የወደቀበትን ቦታ ለማየት ግማሽ ቀን ገደል መውጣትና መውረድ አለበት። ሐኪም ዘንድ ሳይደርስ የተቀበረ ሟች ብዙ ነው፤ በወግ ምክንያት ቀብር አይቆይም። ጥልቅ የአስከሬን ምርመራ ደግሞ በአገሪቱ ለረጅም ዘመን የአዲስ አበባው ምኒልክ ሆስፒታል ሥራ ሆኖ ኖሯል። እናም የከሳሹ ጉልበት ሁሉ በሰው ምስክር ላይ ይወድቃል።

ሕገ መንግሥቱ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል፤ ለጉዞ በግምት የሚያስፈልገውን ጊዜ ሳይጨምር። ይህቺን ሐረግ የጻፉት ሰዎች የስሜንን መልክዓ ምድር አስበው ከሆነ ልክ ናቸው። ከራስ ደጀን ሥር ያለ ቀበሌ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው፤ ክረምት ሲገባ ጅረቱ ሞልቶ መንገዱን ይቆርጠዋል። ቢሆንም የጉዞው ጊዜ ለእስር ማራዘሚያ ሰበብ እንዳይሆን መቆጣጠር ያለበት ራሱ ዐቃቤ ሕጉ ነው። ተከሳሹ እስኪፈረድበት ድረስ ንጹሕ ሆኖ ይገመታል፤ ይህን ሊረሳ የማይገባው የመጀመሪያው ሰው ከሳሹ ነው።

አልፎ አልፎ የክሱን ዕጣ የሚወስነው ሆስፒታል ነው። በጥይት ወይም በፋስ የተጎዳ ሰው በዳባት መንገድ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይደርሳል። ሥነ ሥርዓት ሕጉ 15 ዓመትና ከዚያ በላይ በሚያስቀጣ ወንጀል ተጎጂው ከሞተ ወይም የሚሞት ከሆነ ዋስትና ይከለክላል። ስለዚህ ዐቃቤ ሕጉ ከአልጋው ዜና ይጠብቃል። ሰውየው ከዳነ ክሱ ሙከራ ነው። ከሞተ ከ5 እስከ 20 ዓመት የሚያስቀጣው ተራ ግድያ ወይም ዕድሜ ልክና ሞት የሚያስከትለው ከባድ ግድያ ይሆናል። አድፍጦ፣ አስቦና ተዘጋጅቶ የተፈጸመ የደም መመለስ ግድያ ከሁለተኛው ጎራ የመግባት ዕድሉ ሰፊ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው «አያስከስስም» ብሎ መፈረም ነው። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 42 ክስ የማይመሠረትባቸውን ምክንያቶች ቆጥሮ አስቀምጧል፤ ለማስፈረድ በቂ ማስረጃ አለመኖር፣ ተከሳሹ የማይገኝና በሌለበት ሊታይ የማይችል መሆን፣ ይርጋ ወይም ይቅርታና ምሕረት፣ በሕዝብ ጥቅም ምክንያት ከበላይ የሚሰጥ የጽሑፍ ትእዛዝ። ከእነዚህ ውጭ አልከስም ማለት አይፈቀድለትም። በአሜሪካ ዐቃቤ ሕግ በሰፊው እየመረጠ ይከሳል፤ በጀርመን ማስረጃ ካለ መክሰስ ግዴታው ነው። የእኛው ሕግ ለጀርመኑ ይቀርባል። እርቅ ከምክንያቶቹ መካከል የለም። የሟች ወላጅ እናት ቢሮ ገብታ «ታርቀናል፣ ተወው ልጄ» ብትለው እንኳ መዝገቡን መዝጋት አይችልም።

ሽማግሌዎቹ ምን ይላሉ?

እርቁን ያየ ሰው ክብደቱን አይንቅም። ግድያ ሲፈጸም የገዳይ ወገን ከአካባቢው ይርቃል። ቀሳውስትና አገር ሽማግሌዎች መስቀል ይዘው ወደ ሟች ቤት ይላካሉ፤ መጀመሪያ ይመለሳሉ፣ ደግሞ ይሄዳሉ። ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይፈጃል። በመጨረሻ ሁለቱ ወገን በቤተ ክርስቲያን ደጅ ወይም በተመረጠ ሜዳ ይገናኛል፤ ካሳው ይቆረጣል፤ «ደሙ ደርቋል» ተብሎ ይማላል። ይህ ባይኖር ኖሮ በብዙ ጎጥ ወንድ ልጅ ጎልማሳ ሆኖ ባልታየ ነበር።

ለአንድ ሽማግሌ የፍርድ ቤቱ ጉድለት ግልጽ ነው። መንግሥት አንድ ሰው ያስራል። የታሰረው ዓመታት ቆይቶ ይመለሳል። በዚያ መሐል የታሳሪው ወንድም እርሻው ላይ እንዳይገደል የሚጠብቀው ማነው? የሟች ልጅ ሲያድግ ጠመንጃ እንዳያነሳ የሚያስምለው ማነው? ፍርዱ ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የለውም።

ዐቃብያነ ሕጉ በዚህ ላይ ለሁለት ይከፈላሉ። አንዳንዶቹ ሽማግሌን እንደ እንቅፋት ያዩታል፤ እርቁ በተፈጸመ ማግስት ምስክሮቹ ሁሉ ማየታቸውን ይክዳሉና። ሌሎቹ፣ በተለይ በወረዳው ብዙ የኖሩት፣ ክሱንም እርቁንም ጎን ለጎን ያስኬዳሉ። ክሱ እየታየ ሽማግሌዎቹ ሁለቱን ቤተሰብ እንዲያስታርቁ ያበረታታሉ፤ ሲፈረድም ጸጸትና ካሳ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 መሠረት ቅጣት ማቅለያ መሆኑን ለቤተሰቡ ያስረዳሉ። በዚህ መንገድ እርቁ ከመዝገቡ ውስጥ ቦታ ያገኛል። እኔ ትክክለኞቹ ሁለተኞቹ ናቸው እላለሁ። ቀላል ጉዳት፣ ስድብና ዛቻን በመሳሰሉ በግል አቤቱታ በሚያስከስሱ ጉዳዮች ደግሞ ሕጉ ራሱ ለመታረቅ በሩን ከፍቷል፤ በዚያ ላይ ክርክር የለም።

ክርክሩ ያለው የእርቁ ዋጋ የምስክር ዝምታ ሲሆን ነው። ብዙ ወንድም፣ ብዙ ከብትና ብዙ ጠመንጃ ያለው ቤተሰብ ሽማግሌ ቶሎ ያገኛል። ወንድም የሌላት ባልቴት ደግሞ የቀረበላትን ካሳ ተቀብላ ለመታረቅ ትገደዳለች። ዐቃቤ ሕግ የተፈጠረው ለእሷ ነው። ባለደም የሌለው ሰው ደሙ የሚጠየቅለት መንግሥት ሲከስ ብቻ ነው።

> ባለደም የሌለው ሰው ደሙ የሚጠየቅለት መንግሥት ሲከስ ብቻ ነው።

«አላየሁም»

በፖሊስ ጣቢያ «ሲተኩስ በዓይኔ አይቻለሁ» ያለ ምስክር ችሎት ቆሞ «ተኩስ ሰማሁ እንጂ ማን እንደተኮሰ አላየሁም» ሲል፣ የሥራው ቋንቋ «ተገለበጠ» ይለዋል። ዐቃቤ ሕጉ የፖሊስ ቃሉ እንዲነበብና ዳኛው እንዲያመዛዝን ይጠይቃል። ከዚያ በላይ ብዙ አይሆንለትም። ማስረጃው ካልበረታ ፍርድ ቤቱ ተከላከል ሳይል ተከሳሹን በነጻ ያሰናብተዋል፤ ይህም ተገቢ ነው፤ በግምት ሰው አይታሰርም።

የተገለበጠውን ምስክር በሐሰት በመመስከር ከስሶ ማሳሰር አንዱ አማራጭ ነው። በጉቦ ለዋሸ ሰው ይገባዋል። ነገር ግን ከተከሳሹ አጎት ጋር አጥር የሚጋራ፣ ልጆቹ ወደ ትምህርት ቤት በዚያው አጥር ሥር የሚያልፉ ገበሬ ምን ያድርግ? መንግሥት ሊጠብቀው ያልቻለውን ሰው ፈርተሃል ብሎ ማሰር ፍርድ አይመስለኝም።

በ2003 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 699 ለዚህ የታሰበ ነው። ማንነትን መደበቅ፣ አካላዊ ጥበቃ መስጠት፣ የመኖሪያ ቦታ መለወጥ ሁሉ በውስጡ አለ። ለከተማ ሰው ይሠራል። ለበየዳ ገበሬ ግን ቦታ መለወጥ ማለት መሬቱን፣ ገብሱን፣ የአባቱን መቃብር ጥሎ መሄድ ነው። ማንነቱንም መደበቅ አይቻልም፤ በጎጡ ውስጥ ያን ዕለት ማን የት እንደዋለ የማያውቅ የለም።

ስለዚህ ብልህ ዐቃቤ ሕግ ጊዜን ይጠቀማል። የ1954ቱ ሥነ ሥርዓት ሕግ ለከባድ ግድያና ለከባድ ውንብድና ቅድመ ምርመራ የሚባል መንገድ አለው። ምስክሩ ሽማግሌ ሳይደርስበት፣ ሟች በተቀበረ ሰሞን፣ ዳኛ ፊት ቀርቦ ቃሉን ይሰጣል። ኋላ ቢሞት ወይም ሊገኝ ባይችል ያ ቃል በችሎት ሊነበብ ይችላል። ይህን መንገድ አሮጌ ነው ብለው የተዉት ብዙዎች ናቸው፤ በደጋው ግን ከማንኛውም አዲስ መመሪያ የበለጠ ይጠቅማል። ፍርድ ቤቱ ወደ ወረዳው ወርዶ የሚያስችልበት ተዘዋዋሪ ችሎትም እንዲሁ ምስክሩን ከመንገድ ያድነዋል። የምስክር አበሉ በዕለቱ መከፈሉ፣ ምስክሩ የሚጠብቅበት ለብቻው የሆነ ክፍል መኖሩ፣ የመመለሻ መኪናው የተለየ መሆኑ ትንሽ የበጀት ጉዳይ ይመስላል። አበሉን ሳይቀበል የተመለሰ ምስክር ግን ለሚቀጥለው ቀጠሮ አይመጣም፤ ለጎረቤቱም እንዳትሄድ ብሎ ይመክረዋል።

ልጅቱ ስንት ዓመቷ ነው?

ከግድያ ቀጥሎ የደጋውን ዐቃቤ ሕግ የሚፈትነው ያለ ዕድሜ ጋብቻ ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የክልሉ የቤተሰብ ሕግ ዐዋጅ ቁጥር 79 ለአካለ መጠን ያልደረሰ ሰው እንዳያገባ ያዛል፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 648 ደግሞ ቅጣቱን ልጅቱ 13 ዓመት ሞልቷት ከሆነ እስከ 3 ዓመት፣ ካልሞላት እስከ 7 ዓመት እስራት ያደርሰዋል። የቀድሞው ሕግ ጠልፎ ያገባን ሰው ጋብቻው ከጸና ከክስ ነጻ ያወጣው ነበር። አዲሱ ያን ሰርዟል፤ ለዚህ የታገሉ ሴቶች ምስጋና ይገባቸዋል።

ችሎት ላይ ግን ጠቡ በዕድሜ ላይ ይሆናል። አባት «18 ሞልቷታል» ይላል። የልደት ምዝገባ በአገሪቱ በስፋት የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው፤ ዛሬ የምትዳረው ልጅ ከዚያ በፊት የተወለደች ናት። ስለዚህ የክርስትና ቀን፣ የትምህርት ቤት መዝገብ፣ የሆስፒታል የዕድሜ ምርመራ ይሰበሰባል፤ የሆስፒታሉም ግምት እንጂ ቁርጥ ያለ አይደለም። በዚህ መዝገብ ላይ የሚሠሩ ሴት ዐቃብያነ ሕግ የሚያስተውሉት፣ ልጅቱ ራሷ አባቷ ላይ እንድትመሰክር መጠየቋ ከሁሉ የከፋው መሆኑን ነው። መምህሯ ጥቆማ ሰጥቶ ሠርጉ ከመደረጉ በፊት ቢቀር ከማንኛውም ፍርድ ይሻላል።

ጎንደር ከተማና የሰላም እጦት

የሰሜን ጎንደር ዞን መቀመጫውን ደባርቅ ከማድረጉ በፊት አስተዳደሩ በሙሉ ወደ ጎንደር ያመላልስ ነበር፤ ከደባርቅ ብቻ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ። ዛሬ ጎንደር ከተማ ያለው ዐቃቤ ሕግ የሚያየው ሌላ ዓይነት መዝገብ ነው፤ ስርቆት፣ ማጭበርበር፣ ሐሰተኛ ሰነድ፣ በቅርብ ዓመታት ደግሞ ቤተሰቡን ሁሉ ያስለቀሰው እገታ። በእገታ ገንዘብ ከፍሎ ልጁን ያስመለሰ አባት ለመመስከር አይመጣም። ስልክ የደወለለት አጋች ዛሬም ከተማው ውስጥ ሊሆን ይችላልና።

የሰሜኑ ጦርነት ሥራውን ከሥሩ አናግቶታል። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ውጊያው አዲአርቃይንና የዳባትን አካባቢ አዳረሰ። ከዚያም በክልሉ በተነሳ ሌላ ግጭት ምክንያት ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። በብዙ ወረዳ መርማሪው ቀበሌ መውረድ፣ ምስክሩም ከተማ መውጣት የማይችልበት ጊዜ መጣ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ደም መመለስ ይበረታል፤ ጠመንጃ በየቤቱ አለ፣ ችሎት ሩቅ ነው፣ የቆየ ቂም አዲስ ስም ያገኛል።

የዐቃቤ ሕጉ የራሱ ኑሮም ከዚህ አይርቅም። በወረዳ ከተማ ቤት ተከራይቶ ይኖራል፤ ቅዳሜ ገበያ ሽንኩርት የሚሸጥለት ሰው የተከሳሽ ዘመድ ሊሆን ይችላል። ያለ ጠባቂ ያመሻል። ከአስተዳዳሪዎች «ይህን ሰው ክሰሰው» ወይም «ተወው» የሚል ቃል ቢመጣበት የሚመክትበት ሕግና የዐቃብያነ ሕግ ጉባኤ አለው፤ ጉባኤው የሚጠቅመው ግን አባላቱ ደፍረው ሲቆሙ ነው። ልምድ ያካበተው ሲወጣ ወደ ጥብቅና ይሄዳል፤ በምትኩ ከዩኒቨርሲቲ አዲስ የተመረቀ ይመደባል። ጎጡን የሚያውቀው፣ ሽማግሌውን በስሙ የሚጠራው፣ የትኛው ቤተሰብ ከየትኛው ጋር ደም እንዳለው የሚያስታውሰው ሰው ሲሄድ በመዝገብ ያልተጻፈው ዕውቀት አብሮት ይሄዳል። ክልሉ እነዚህን ሰዎች በቦታቸው ለማቆየት የሚያወጣው ገንዘብ ለአዳዲስ ሕንፃ ከሚያወጣው ሊቀድም ይገባል።

የቀረው ለእናንተ ነው፣ ደም የምታደርቁ አባቶችና ቀሳውስት። ቤተሰብ አስታርቁ፣ ካሳ ቁረጡ፣ የሟችን ልጆች አስምሉ። ምስክሩን ግን ዝም አታሰኙት። ያየውን ተናግሮ በሰላም ወደ ቤቱ እንዲገባ እናንተው አጅቡት፤ በደጋው ላይ ከእናንተ የበለጠ ጠባቂ የለውም።